አባቴ የገዛው የብረት ክንድ

እናቴ ግራኝ ነበረች። ግሬናዳ ሐይቅ ላይ ይህን የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ አልነበረም። ሰው ሁሉ ረጅሙን የማጥመጃ መቃውን ይዞ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል፣ ጀልባችን ፊት ላይ የተቀመጠችው እሷ ብቻ ወደ ግራ ታዘነብላለች። በሩቅ ያዩዋት ሰዎች "ያቻትላችሁ ዶቪ!" ይባባሉ ነበር።

አባቴ ሌቮን ከኋላ ተቀምጦ ሞተሩን ይይዛል። እሱም ማጥመድ የሚችል ይመስለው ነበር፤ ግን አይችልም። እኛ አገር ሰው የሚሞትላት ክራፒ የምትባለው ዓሣ አፏ እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳ ነው። መንጠቆውን ነክሳ ሳለ በኃይል ከሳቧት ከንፈሯን ቀድዳ ትሄዳለች። አባቴ ሲስብ ጉቶ የሚነቅል ይመስላል። እናቴ ግን ከተኛ ሕፃን ስር አንሶላ እንደሚስብ ሰው ነበር ቀስ አድርጋ የምታወጣት።

ያኔ አንዳንድ አጥማጆች የጀልባቸው አፍንጫ ላይ ብረት ተክለው፣ ብረቱ ላይ ስድስት ሰባት የማጥመጃ ዘንግ ደርድረው እጃቸውን አጣምረው መቀመጥ ጀምረው ነበር። ዘንጎቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ሲታዩ ጀልባው ውኃ ላይ የሚሄድ ሸረሪት ይመስላል። እናቴ ባጠገባቸው ስናልፍ ድምጿን ሳትቀንስ፣ "ዘንጉን ለብረት ያስያዘ ሰው ዓሣውንም ብረቱ ይብላለት" ትላለች። አባቴ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም መሃል ላይ ተቀምጬ፣ ቀልዱ ባይገባኝም፣ አብሬ እስቃለሁ።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ አባቴ እናቴን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ሜምፊስ ወሰዳት። "እናትሽ ትንሽ ጉዳይ አላት" ብቻ ነው የተባልኩት። እኔን እንድትጠብቅ የእናቴ ታናሽ እህት ሜቪስ መጣች። አክስቴ ሜቪስ ስልክ ስታወራ ሹክ ብላ የተናገረች ይመስላታል እንጂ ጎረቤት ይሰማታል። አንድ ቀን ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

"አዎ፣ አውጥተውታል። ሁሉንም አግኝተነዋል ነው የሚሉት። እንግዲህ እግዜር ይወቅ።"

ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ቀልቷል።

"እማዬ ምን ጠፍቷት ነው?" አልኳት።

"እንዴት?"

"ሁሉንም ካገኙት ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?"

"ሽንኩርት ነው፣ ጁኔልዬ" አለችኝ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

እናቴ ሜምፊስ ውስጥ ቀለበቷን የጣለች መሰለኝ። ስትመለስ መጀመሪያ ያየሁት ጣቷን ነው። ቀለበቷ እዚያው ነበር። ታዲያ የጠፋው ምን ይሆን ብዬ ቦርሳዋን፣ ጫማዋን፣ የጸጉር መያዣዋን ሳይቀር አንድ በአንድ አጣራሁ። ሁሉም ነበረ። እሷ ግን የነበረች አትመስልም። ከመኝታ ቤት አትወጣም። ሰው በር ሲያንኳኳ "ተኝታለች በሉ" ትላለች። ግራ ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ እንደ ታመመች ጫጩት ታቅፋው ትውላለች።

አባቴ ደግሞ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ይህ ከሁሉም የባሰ ነገር ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አባት መጀመሪያ ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ ቀጥሎ ጃክሰን ከተማ ሄዶ ሌላ ሚስት ማግባቱን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከትልቅ ሰው ሁሉ ደብቄ ነገሩን አሰላሁት። አባዬ ሊሄድ ነው።

አባቴ ካረጀ በኋላ ስለዚያ ሶፋ ጠይቄው ነበር። "አልጋችን መሃሉ የጎደጎደ ነበር" አለኝ። "እኔ በተገላበጥኩ ቁጥር እሷ ወደኔ ትንከባለላለች። ቁስሏን እንዳልነካባት ፈርቼ ነው። ደግሞ ማንኮራፋቴ ያስቃታል። ያኔ መሳቅ ያማት ነበር።"

እንግዲህ ያን ጊዜ ይህን የነገረኝ የለም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ "ነይ፣ ሚስተር ፕሬንቲስ ጋ እንሂድ" አለኝ። የሚስተር ፕሬንቲስ ሱቅ ከሐይቁ ግድብ በታች ነው። በሩን ሲከፍቱት የእርጥብ አፈርና የቤንዚን ሽታ ይቀበልዎታል። ጥግ ላይ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ለመንጠቆ የሚሆኑ ደቃቅ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ምድጃው ዙሪያ ደግሞ ሥራ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች ሰርዲንና ብስኩት እየበሉ ይቀመጣሉ። ከነሱ ሁሉ ምላሱ የማያርፈው ቡድ ካሊኮት ነበር።

"ሚስተር ፕሬንቲስ፣" አለ አባቴ፣ ኮፍያውን እያሻሸ፣ "ብዙ ዘንግ የሚይዘውን ማቆሚያ ለማየት ፈልጌ ነበር።"

ምድጃው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩት።

"የዶቪ ባል?" አለ ቡድ። "ዛሬ በረዶ ይዘንባል!"

ሚስተር ፕሬንቲስ ያለውን ሁሉ አምጥቶ ወለሉ ላይ ደረደረለት። አንዱ እንደ ቱቦ ነው፤ ዘንጉ እጀታው ድረስ ጠልቆ ይገባል። አንዱ ዘንጉን በብሎን አጥብቆ የሚያንቅ ነው። ሦስተኛው ከላይ ክፍት ነው፤ ዘንጉ ጋደም ይልበታል፣ ከኋላ ደግሞ እጀታውን የምትይዝ ትንሽ ምላስ አለችው።

አባቴ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ከዚያ ግራ እጁን ቀበቶው ውስጥ ሻጠው።

በቀኝ እጁ ብቻ መሞከር ጀመረ። ቱቦው ውስጥ የገባውን ዘንግ ለማውጣት ሽቅብ እስከ ጣሪያ መሳብ ነበረበት። "ይሄ አይሆንም" አለ። ብሎን ያለው ሁለት እጅ ይፈልጋል። ብሎኑን በአንድ እጅና በጥርሱ ሊፈታው ሲታገል ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ። "ይሄም አይሆንም።" ክፍቱን ሲሞክረው ዘንጉ በቀላሉ እጁ ላይ መጣለት። መልሶ አስቀመጠው። አነሳው። አስቀመጠው። አባቴ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሁለቴ የማያስብ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ሱቁ ሲከፈት ገብተን እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ቆየን።

"ምን ሆነህ ነው እጅህን የደበቅከው? ዓሣ ነክሶህ ነው?" አለው ቡድ።

"ዝም ብዬ ነው።"

ሚስተር ፕሬንቲስ እግሩ ረጅም የሆነ፣ ዘንጎቹን ደረት ድረስ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ክፍት ማቆሚያ ከጓዳ አመጣ። "ይሄ መጎንበስ አያስፈልገውም። ስድስት ዘንግ ይይዛል። ባንተ ላይ ስድስት ክንድ ጨመርክ ማለት ነው" አለው።

"ስድስት ክንድ!" አለ ቡድ። "እንግዲያውስ ሚስ ዶቪን ጡረታ አውጥተሃታል በለኛ!"

ሁሉም ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ደም ፊቱ ላይ ወጣ። ማቆሚያውን ታቅፎ፣ "ነይ ጁኔል" ብሎ ብቻ ወጣ።

እኔ የገባኝ በደንብ ገባኝ። ከአክስቴ ሜቪስ ስልክ ላይ "ዶቪ ከእንግዲህ መቃ የምትይዝ አይመስለኝም" የሚል ቃል ሰምቻለሁ። ሶፋውን አይቻለሁ። አሁን ደግሞ አባዬ በእናቴ ቦታ የሚተክለው የብረት ክንድ ገዝቷል። ጆሮው የቀላው ቡድ ምስጢሩን ስለነካበት ነው። መንገዱን ሙሉ መኪናው ውስጥ ያ ብረት ጭኔ ላይ ነበር። ቀዝቃዛ ነበር፣ ጠላሁት።

ቤት እንደገባን አባቴ ጀልባው ወዳለበት ጓሮ ሄደ። እኔ በቀጥታ ወደ እናቴ መኝታ ቤት ገባሁ። መስኮቱ ተጋርዷል። ትራስ ተደግፋ ግድግዳ ታያለች።

"እማዬ፣ ተነሽ" አልኳት።

"ምን ሆነሻል?"

"አባዬ ባንቺ ፋንታ ብረት ገዛ።"

"ምን ገዛ?"

"ብረት! ስድስት ክንድ አለው። ቡድ ካሊኮት ጡረታ ወጣሽ ብሏል። አሁን ያንቺ ወንበር ጋ እየተከለው ነው። ከዚያ ጃክሰን ሊሄድ ነው።"

እናቴ ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ቀጥሎ አንድ የማውቀው ነገር መጣ። ቁጣ ነበር። ከሜምፊስ ከተመለሰች ጀምሮ አልተቆጣችም ነበር። እኔ ቁጣዋን ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ!

"ጫማዬን አምጪልኝ" አለች።

በቤት ልብሷ እንዳለች በጓሮ በር ወጣን። አባቴ ጀልባው ውስጥ የእናቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ረጅሙን ማቆሚያ ፊት ለፊቱ አቁሞታል። ግራ ክንዱን ደግሞ በቀበቶው ከሰውነቱ ጋር ጠፍሮ አስሮታል። በቀኙ ዘንግ እያነሳ፣ እያስቀመጠ፣ እየቆጠረ ነው።

"ሌቮን" አለች እናቴ።

ደነገጠና ሊነሳ ሲል፣ በአንድ እጁ ብቻ ስለነበር፣ ሚዛኑን ስቶ ጀልባው ወለል ላይ በመቀመጫው ወደቀ።

"ክንድህን ማን አሰረው?"

"እኔው ነኝ።"

"ለምን?"

አባቴ እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ እኔን አየ፣ እሷን አየ። "እንዴት እንደሚሆንልሽ ልየው ብዬ ነዋ" አለ ቀስ ብሎ። "ልጠይቅሽ ፈራሁ። ስለዚያ ነገር ሳነሳ ፊትሽን ታዞሪያለሽ።"

እናቴ ጀልባውን በቀኝ እጇ ይዛ ቆመች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

"አንተ ሰውዬ" አለች፤ "ክንዴን ከነነፍሱ ቀበርከው እኮ! ማነው ሞቷል ያለህ? ይኸው እጄ።" የግራ እጇን ጣቶች ፊቱ ላይ አርገበገበችለት። "ይጨብጣል፣ ይዞራል። ወደ ላይ ነው አልሄድም ያለው። እስከዚህ።" ክንዷን ወደ ጎን አነሳችው። ከትከሻዋ በታች ሲደርስ በር እንደገጠመው ሰው ቆመ። ፊቷ በሕመም ተጨማደደ። "አንተ ደግሞ ሄደህ ሄደህ ደረት የሚደርስ ብረት ገዛህልኝ! ይሄን የገዛኸው ለቀጭኔ ነው?"

"መጎንበስ እንዳያስቸግርሽ ብዬ..."

"መጎንበስ መች አቃተኝ?"

አባቴ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ፤ በአንድ እጁ ግን አልፈታ አለው። እናቴ እጇን ዘረጋችና፣ በዚያው በግራ እጇ፣ ፈታችለት። እኔ ግን ይህንን ሁሉ አይቼ አሁንም የገባኝ ግማሹ ነበር፤ አባዬ ጃክሰን እንደማይሄድ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ዋልን፤ እሷ አልመጣችም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን እናቴ ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ረጅሙ ብረት ከኋላ ተጭኗል። አባቴ ከኮረኮሩት የሚስቅ ልጅ መስሎ መሪውን ይዟል።

ሱቁ ውስጥ ስንገባ ሰዎቹ ሁሉ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። እንዲህ ያለ አክብሮት ለቄስ ብቻ ነበር የሚደረገው። ቀጥሎ ሁሉም የሚያዩበት ቦታ ጠፋቸው። አንዱ ጣሪያውን፣ ሌላው ብስኩቱን አየ። እኔ እናቴ ከንፈሯን በመቀባቷ የተገረሙ መሰለኝ።

"ሚስተር ፕሬንቲስ፣ ይሄን ልቀይር ነው" አለች። "ዝቅ ያለ እፈልጋለሁ። ጉልበቴ ጋ የሚደርስ።"

"እሺ፣ ሚስ ዶቪ። አለ። ይኖራል።"

ቡድ ካሊኮት ዝምታው ከበደው መሰለኝ። ዝም ማለት የማያውቅ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ቀለደ።

"ሚስ ዶቪ፣ እርስዎማ ብረት አይነኩም አልነበር? ምነው፣ እጅዎን ሜምፊስ ጥለውት መጡ እንዴ?"

አባቴ አንድ እርምጃ ወደሱ ሄደ። እናቴ ክንዱን ያዘችው።

"አይ ቡድ" አለች፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። "ሜምፊስ የቀረው ግራ ጡቴ ነው። እጄ እዚሁ አለ። ጆሮዬም አለ፤ የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ።"

ያን ቃል ወንዶች በተቀመጡበት ጮክ ብላ የተናገረች ሴት እስከዚያ ቀን አልሰማሁም። የሰማም ያለ አይመስለኝም። ለእኔ ደግሞ እዚያ፣ በብስኩትና በቤንዚን ሽታ መሃል፣ ስፈልገው የከረምኩት ነገር ተነገረኝ። ቀለበት አልነበረም። የእናቴን ሸሚዝ ቀና ብዬ አየሁ። ግራው በኩል ጠፍጣፋ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ቦርሳና ጫማ ስቆጥር እዚያ አላየሁም።

የቡድ ፊት እንደ አመድ ሆነ። ኮፍያውን አወለቀ። "ሚስ ዶቪ፣ እኔ... አላወቅኩም። በእግዚአብሔር አላወቅኩም።"

"አውቃለሁ። ለማንም አልነገርንማ" አለች። "አሁን አወቅክ። በል ና፣ ይሄን ብረት ያዝልኝ።"

ቡድ ካሊኮት፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ማቆሚያውን በሁለት እጁ አቀፈው። እናቴ ባልዲው ላይ ተቀመጠችና ዘንጉን ጋደም አደረገችበት። ክርኗን ጎኗ ላይ አጣብቃ እጀታውን ወደ ታች ተጫነችው። የዘንጉ ጫፍ ብድግ አለ። ዘንጉን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ አወጣችው። ክንዷ ከወገቧ በላይ አልሄደም።

"ትንሽ ዝቅ" አለች።

"ዝቅ" አለ ቡድ።

"አሁን ወደ ግራ።"

"ወደ ግራ።"

"እዚህ። እንዳትነቃነቅ፤ ሌቮን ይለካው።"

አባቴ ለካው። ለመለካት ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ሲነሳ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ምድጃው ያጨሳል አለ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ላይ ነበርን። የበልግ ጎርፍ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው አጥልቋቸዋል። ውኃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። አባቴ ጀልባዋን በትንሿ የባትሪ ሞተር ቀስ አድርጎ በግንዶቹ መሃል ይነዳታል። እናቴ ፊት ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ጋ ስድስት ዘንግ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል። እሷ ዘንጎቹን አታይም። ያፈረች መሰለችኝ።

መጀመሪያ አንዱ ጫፍ ነቅነቅ አለ።

"ዶቪ..." አለ አባቴ።

"አይቼዋለሁ።"

እጀታውን ተጫነች። ዓሣዋ ውኃው ላይ ብልጭ አለች፣ ክሩ ላላ፣ ሄደች። ሁለተኛዋም ሄደች። አባቴ ጀልባዋን ዞር አድርጎ እዚያው ጉቶ አጠገብ መለሳት።

ሦስተኛዋ ስትነካ እናቴ አልቸኮለችም። ብትፈልግም መቸኮል አትችልም፤ ክንዷ የሚያውቀው አንድ ፍጥነት ብቻ ነው፣ ዝግታ። እጀታውን ተጫነች፣ ጠበቀች፣ ዘንጉን ወደ ፊት ገፋችና በቀኝ እጇ ረድታ ወደ ጎን አዞረችው። የመዳፍ ስፋት ያላት ብርማ ክራፒ ተንሸራታ ጀልባው ውስጥ ገባች። ጭኔ ላይ ነበር የወደቀችው።

"ቀስ ብለሽ አወጣሻት እኮ!" አለ አባቴ፣ ከደስታው ብዛት የሚለው ጠፍቶት።

"ሌላ ምርጫ ያለኝ መሰለህ?"

ከዚያ የዓሣው መንጋ መጣ። ሦስት ዘንግ አንድ ላይ ጎበጠ። እናቴ አንዱን ስታወጣ ሁለተኛው ይወዛወዛል፣ አባቴ ሊረዳ ተንጠራርቶ ሦስተኛውን እንደ ልማዱ እንደ ጉቶ ይነቅለዋል፣ የዓሣዋ ከንፈር ይቀደዳል፣ ክሮቹ ይጠላለፋሉ።

"ሌቮን! እጅህን ከዘንጌ ላይ አንሳ!"

"ልረዳሽ ብዬ ነው!"

"ሞተርህን ያዝ!"

እናቴ ጮክ ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያማት ግራ ጎኗን ይዛ "ወይኔ፣ ወይኔ" አለች፤ ግን አላቆመችም። አባቴም ሳቀ። እኔ እጄን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ከሚንፈራገጡት ዓሦች ጋር እየታገልኩ እጮሃለሁ። እናቴ ከዚያ በኋላ ልጆቼን ታቅፋ ያንን ሐይቅ እስክታሳያቸው ድረስ ኖራለች። ብዙ ዓሣም አውጥታለች። እኔ ግን ሳቋን ሳስታውስ የምሰማው የዚያን ቀኑን ነው።

ከሰዓት በኋላ ጀልባውን ስበን ወደ መኪናው ተመለስን። ሱቅ ስንሄድም ሆነ ጠዋት ስንመጣ እናቴ በቀኟ፣ በመስኮቱ በኩል ታስቀምጠኝ ነበር። ያን ቀን በሩን ከፍታ "መሃል ግቢ" አለችኝ። አባቴ ከግራዬ፣ እሷ ከቀኜ ሆኑ። መንገዱ ወጣ ገባ ነው፤ ድካሙም ነበር፤ ራሴን ቀና አድርጌ ለመቀመጥ ብሞክርም ወደሷ መንሸራተቴ አልቀረም። አሳምማታለሁ ብዬ ደንግጬ ስነሳ፣ በግራ እጇ መልሳ አስጠጋችኝ።

"ምንም አይልም" አለች። "ተደገፊኝ።"

ጆሮዬ ደረቷ ላይ አረፈ። ሸሚዟ ስር ለስላሳ ነገር አልነበረም። እዚያ የነበረው ከተወሰደ በኋላ በጆሮዬና በልቧ መሃል የቀረው ትንሽ ነው፤ ልቧ ሲመታ ከበፊቱ ሁሉ ቀርቦ፣ ጠንክሮ ተሰማኝ። ቤታችን እስክንደርስ እያዳመጥኩት ሄድኩ።